የወገብ ዲስክ፣ ቀዶ ሕክምናውና የመረዳጃ ሣጥናችን

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የገቢና የወጪ ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ ዛሬ እሱን መልሰን አናነብም። ይልቁንስ በሕመም መረዳጃው መዝገብ ላይ ደጋግሞ ስለሚመጣ አንድ ቃል ልንነጋገር ነው። ቃሉ «ወገብ» ነው። «ለወገብ ሕመም ምርመራ»፣ «ለኤም.አር.አይ»፣ «ለዲስክ ኦፕራሲዮን አዲስ አበባ መሄጃ» የሚሉ ማመልከቻዎች ይደርሱናል። ከወሊድና ከቀብር ቀጥሎ ሣጥናችንን የሚያንኳኳው ይኸው ወገብ ሆኗል።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ የሐኪምን ቃል የሚተካ ነገርም አንናገርም። ነገር ግን የሰው ገንዘብ የሚይዝ ሰው ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ያነበብነውን፣ ከጤና ባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውንና ከራሳችን አባላት ያየነውን አንድ ላይ አድርገን አቅርበናል። መጨረሻ ላይ ድምፅ የምትሰጡበት አንድ የደንብ ማሻሻያ አለን።

ድሬዳዋ ላይ የሴት ወገብ ምን እንደሚሸከም እናንተው ታውቃላችሁ። ውሃ በጠፋ ቀን የምንሸከመው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። ቀፊራ ሽንኩርትና ድንች በጆንያ የሚያወርዱ፣ በሙቀት ምጣድ ላይ ጎንበስ ብለው የሚውሉ፣ ልብስ በማጠብ የሚያድሩ እህቶች እዚህ መሐላችን አሉ። እኛም የቢሮ ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንነሳ ወገባችንን ይዘን ነው። ይሁን እንጂ ሸክም ብቻውን ተጠያቂ አይደለም። ዕድሜ አለበት፤ ዘርም ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሲጋራ ማጨስም ይጨምርበታል። ከሁሉ በላይ የሚታየው ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ላይ ነው፤ ማለትም ሴት ልጅ ቤት በምታቆምበት ዕድሜ። ስለዚህ የታመመችውን «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» አንበላት።

ዲስክ ምንድን ነው?

የታችኛው ወገባችን አምስት አጥንቶች አሉት። በእያንዳንዳቸው መሐል እንደ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ አለ። ዲስኩ ዙሪያውን ጠንካራ፣ መሐሉ ግን ለስላሳና ረጠብ ያለ ነው። ሳምቡሳን አስቡት፤ ጠርዙ ከተሰነጠቀና ከላይ ከተጫኑት ውስጡ ያለው በስንጥቁ በኩል ይወጣል። ከዲስኩ የወጣው ነገር ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሲነካና ሲያስቆጣ፣ ሕመሙ ከወገብ ይልቅ በቂጥ፣ በጭንና ከጉልበት በታች ይሰማል። ስናስል ወይም ስናስነጥስ ይብሳል። ብዙዎቻችን «እግሬን ነው የሚያመኝ» ብለን ጉልበታችንን ስናሳሽ የከረምነው ለዚህ ነው።

በብዛት የሚጎዱት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዲስኮች ናቸው፤ ሐኪሞች «ኤል አራት - ኤል አምስት» እና «ኤል አምስት - ኤስ አንድ» ይሏቸዋል። የመጀመሪያው ሲሆን ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን ወደ ላይ ማንሳት ይከብዳል። ሁለተኛው ሲሆን በእግር ጣት መቆም ያስቸግራል። ወረቀታችሁ ላይ እነዚህን ፊደላትና ቁጥሮች ብታዩ አትደንግጡ፤ የቦታ ስም ናቸው።

«የዲስክ መንሸራተት» የሚለው ስም አሳስቶናል። ዲስክ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር ጠብቆ የተያያዘ ስለሆነ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም። የሚሆነው መሰንጠቅና መውጣት ነው። ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተንሸራተተ ካልን «ይመለስልኝ» ብለን ወጌሻ ዘንድ እንሄዳለን። የወጣውን ነገር ግን በእጅ ገፍቶ የሚመልሰው የለም። ወጌሻዎቻችን ለወለምታ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን እግሯ የደነዘዘ ወይም የሰነፈ ሴት ወገቧን ማስጎተት፣ ማስረገጥም ሆነ ማስተኮስ የለባትም። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ከምርመራ ጋር የሚጣላ አንድም ጸሎት አናውቅም።

አብዛኛው ያለ ቢላ ይድናል

ይህን ለለጋሾቻችንም ለአባላቶቻችንም ደግመን እንናገራለን። ከዲስክ የመጣ የእግር ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ ከ6 እስከ 12 ባሉት ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሰውነት የወጣውን ነገር ቀስ በቀስ ራሱ ይመጠዋል፤ የነርቩም ቁጣ ይበርዳል።

መተኛትስ? በሆላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። የእግር ሕመም ያለባቸውን 183 ሰዎች ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ አስተኟቸው፤ ሌሎቹ እንደቻሉ እየተንቀሳቀሱ እንዲቆዩ አደረጉ። ከ12 ሳምንት በኋላ ከሁለቱም ወገን ከመቶ 87ቱ ተሽሏቸው ነበር። አልጋው የጨመረው ነገር አልነበረም። ለእኛ ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። ሥራዋን ትታ ወር ሙሉ መተኛት የማትችል ሴት ባለመተኛቷ ከፈውስ አልራቀችም ማለት ነው። መቀነስ ያለባት ሸክም ማንሳትን፣ ጎንበስ ብሎ መጠማዘዝንና ረጅም ሰዓት መቀመጥን ነው። በእግር መሄድ ግን ይጠቅማታል። ፊዚዮቴራፒ ካገኘች ደግሞ ጡንቻዋን የምታጠናክርበትን መንገድ ትማራለች።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ አንድ ቃል፦ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን በራስ ፈቃድ ከፋርማሲ እየገዙ ለሳምንታት መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ሐኪም መጠኑንና ቀኑን ይወስንላችሁ።

ፎቶው ፍርድ አይደለም

ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክን አያሳይም። ዲስክን በደንብ የሚያሳየው ኤም.አር.አይ ነው። ዋጋው ከባድ ስለሆነ ማኅበራችን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ለእሱ ነው። ከመክፈላችን በፊት ግን ማወቅ ያለብን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው 98 ሰዎች በኤም.አር.አይ ታይተው ነበር። ሁሉም ዲስኮቻቸው ደህና ሆነው የተገኙት ከመቶ 36ቱ ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። አንዳቸውም ግን አያማቸውም።

ስለዚህ «ኤም.አር.አይ ላይ ዲስክ አለብሽ ተባልኩ» ማለት «ኦፕራሲዮን ያስፈልገኛል» ማለት አይደለም። ሐኪሙ የሚፈልገው ፎቶው፣ ሕመሟና የእግሯ ምርመራ አንድ ቋንቋ መናገራቸውን ነው። ሕመሟ በቀኝ እግር ሆኖ ፎቶው ግራውን ካሳየ ያ ፎቶ ምክንያቱን አላገኘም። እኛ የሂሳብ ሰዎች ደረሰኝና የባንክ ወረቀት እናስታርቃለን፤ ካልተስማሙ ሂሳቡ አይዘጋም። እዚህም እንደዚያው ነው። ኤም.አር.አይ ዋጋ የሚኖረው ውጤቱ ቀጣዩን ውሳኔ የሚለውጥ ሲሆን ነው፤ ማለትም ቀዶ ሕክምና በእርግጥ ሲታሰብ ወይም አደገኛ ምልክት ሲኖር።

ቀዶ ሕክምና መቼ ነው?

ሦስት በሮች አሉ፤ ሦስቱን መለየት ሕይወትም ገንዘብም ያድናል።

የመጀመሪያው በር ድንገተኛ ነው። ወደ ሽንት፣ ወደ ሰገራና ወደ ብልት አካባቢ የሚሄዱት ነርቮች በሙሉ ባንድ ጊዜ ሲጨፈለቁ ይመጣል። ምልክቶቹን ያለ እፍረት እንናገራቸው። ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ሳይታወቅ ማምለጥ፤ ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፤ በእግሮች መሐል ኮርቻ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ መደንዘዝ፣ ስትታጠብ እጅዋ ሲነካት አለመሰማት፤ ሁለቱም እግሮች መስነፍ። እነዚህ ሲታዩ ሳምንት አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። ሐኪሞች በተቻለ ፍጥነት፣ የሚቻል ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲከፈት የሚሹት ነርቩ አንዴ ከሞተ የሽንቱ ነገር ላይመለስ ስለሚችል ነው።

ሁለተኛው በር የእግር መስነፍ ነው። የእግሯ ጣት አልነሳ ያለ፣ ስትራመድ እግሯ መሬት የሚጎተት፣ ይህም ከቀን ወደ ቀን የሚብስባት ሴት በቀናት ውስጥ ሐኪም ልታያት ይገባል።

ሦስተኛው በር ሰፊው ነው። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ታግሳ፣ መድኃኒቱንም እንቅስቃሴውንም ሞክራ፣ የእግር ሕመሙ እንቅልፍ የነሳት፣ ፎቶውም ከሕመሟ ጋር የተስማማ ሴት ናት። እዚህ ላይ ቀዶ ሕክምና ምርጫ እንጂ ግዴታ አይደለም። በሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት ይህንን በግልጽ ያሳያል። የእግር ሕመም የጠናባቸውን 283 ሰዎች ወስደው ግማሾቹን ቶሎ ለቀዶ ሕክምና መደቡ፤ ሌሎቹ እንዲጠብቁ አደረጉ። ቶሎ የተቀደዱት ቶሎ ሕመማቸው ቀለለ። ከጠበቁት ውስጥ ከመቶ 39ኙ ሕመሙ አልለቅ ብሏቸው በኋላ ተቀደዱ፤ የቀሩት አላስፈለጋቸውም። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም ወገን ከመቶ 95ቱ ድነናል አሉ።

ይህን እንዴት እናንብበው? ቀዶ ሕክምናው በሦስተኛው በር ላይ የሚገዛልን ጊዜ ነው። ለአንዲት እናት ሦስት ወር ቀድሞ ከሕመም መገላገል ልጆቿን ማብላት ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለሌላዋ መታገሥ ይቀልላታል። ውሳኔው የእሷና የሐኪሟ ነው። የባሏም፣ የጎረቤቷም፣ የእኛ የኮሚቴውም አይደለም።

ቀዶ ሕክምናው ምን ያደርጋል?

ዲስክ ነርቭ ሲጫን በቀዶ ሕክምና ማውጣት እንደሚቻል ለዓለም ያሳወቁት በአሜሪካ ቦስተን የሚሠሩት ሐኪሞች ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር ናቸው፤ ጽሑፋቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። በ1970ዎቹ ማይክሮስኮፕ ሲጨመርበት ቁስሉ ትንሽ፣ ሥራውም የጠራ ሆነ።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ መማር የፈለገም ወደ ውጭ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር አንበሳን ከመሳሰሉ ሆስፒታሎች የተመረቁ ሐኪሞች ወደ ሥራ ገብተዋል። ዛሬ ይህን ሕክምና በአገር ውስጥ ማሰብ የምንችለው ለዚህ ነው። አባቶቻችን በዚህ በሽታ ውጭ አገር ካልሄዱ በቀር ዱላ ይዘው ነበር የሚቀሩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ታማሚዋ በማደንዘዣ በሆዷ ትተኛለች። ሐኪሙ ወገቧ መሐል ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይከፍታል፤ ከአጥንቱ ጠርዝ ጥቂት ይቀንሳል፤ ነርቩን በጥንቃቄ ወደ ጎን ያደርግና የወጣውን ቁራጭ ያነሳል። ዲስኩ በሙሉ አይወጣም። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ብዙዎቹ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቆመው ይሄዳሉ፤ በጥቂት ቀናትም ይወጣሉ።

«ሽባ እሆናለሁ» የሚለው ፍርሃት ብዙ እህቶችን ቤት አስቀርቷል። ዋናው የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው በላይኛው ወገብ አካባቢ ነው። ዲስክ በብዛት የሚወጣበት የታችኛው ወገብ ላይ ያሉት ተለያይተው የሚወርዱ የነርቭ ክሮች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ሕክምና ሁለት እግር ሙሉ በሙሉ ሽባ መሆን እጅግ ብርቅ ነው። ይህ ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ቁስል ማመርቀዝ፣ የነርቩ ሽፋን ተቀዶ ፈሳሽ መውጣት፣ የነርቭ ጉዳትና ደም መፍሰስ ሊያጋጥሙ ይችላሉ። ከተቀደዱት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ላይ ደግሞ ከዚያው ዲስክ ሌላ ቁራጭ እንደገና ይወጣል።

የሚድነው በዋናነት የእግር ሕመሙ ነው። የወገብ ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል፤ ቃል የሚገባበት ግን አይደለም። ወገቧን ብቻ የሚያማት፣ እግሯ ደህና የሆነች ሴት ከዚህ ቀዶ ሕክምና የምታገኘው ትንሽ ነው። ይህን ሳያውቁ ገብተው «ገንዘቤን በላኝ» የሚሉ አሉ።

ለሣጥናችን የሚጠቅም አንድ ጥያቄም አለ፤ የብሎን ጉዳይ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ ተራ ዲስክ ቁራጩን ማንሳት ብቻ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። አጥንትን በብሎን ማያያዝ የሚያስፈልገው አጥንቱ ካለቦታው ሲንቀሳቀስ ወይም ሌላ ምክንያት ሲኖር ነው። የዋጋ ግምቱ ላይ ብሎን ከተጻፈ «ዶክተር፣ ለእኔ ብሎኑ ለምን አስፈለገኝ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ምክንያት ካለው ይነግራችኋል፤ ሌላ ሐኪም ማማከርም መብታችሁ ነው።

መንገዱና ወጪው

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ መንገዱን ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ድል ጮራ፣ ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሐረር ሕይወት ፋና ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፋል። ሪፈር ሳትይዙ በራሳችሁ ከሄዳችሁ መድኑ እንደሚገባው አይሠራላችሁም። ሪፈር ሲጻፍላችሁ የምትላኩበት ሆስፒታል የነርቭ ወይም የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እንዳለው፣ ቀጠሮውም መቼ እንደሚደርስ እዚያው ጠይቁ። ድንገተኛ ሲሆን ግን ደረጃ አይቆጠርም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

እኛ መዝገቡ ላይ እንደምናየው የቀዶ ሕክምናው ክፍያ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የራሷና የአስታማሚዋ መጓጓዣ አለ። አልጋ እስኪገኝ ድረስ አዲስ አበባ ላይ የሚከፈል ማደሪያና ምግብ አለ። ኤም.አር.አይ፣ የደም ምርመራና መድኃኒት አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ማንም ደረሰኝ የማይሰጥበት ወጪ አለ፤ ሱቋ የተዘጋባቸው ቀናት። ስለዚህ ማመልከቻ ስትጽፉ እነዚህን ሁሉ በየመስመሩ ጻፉ። «ለኦፕራሲዮን» ተብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ገንዘቡ አዲስ አበባ ሳይደርስ አዋሽ ላይ ያልቃል።

መንገዱም ራሱ ወገብ ይፈትናል። በመኪና የቀን ሙሉ ጉዞ ነው፤ የሚቻል ከሆነ በየመሐሉ ወርዶ መራመድ ያስፈልጋል። ባቡሩ ላይ ግን ቆሞ መንጠራራት ይቻላል።

ከተመለሰች በኋላስ? ለስድስት ሳምንት ያህል ጀሪካን የለም፤ ጆንያ የለም፤ ልጅ ከመሬት ማንሳት የለም። በእግር መሄድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ። የቢሮ ሥራ ያላት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልትመለስ ትችላለች፤ ሸክም ያለበት ሥራ ግን እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። ውሃ የሚቀዳላት ሰው ካልተገኘ ኦፕራሲዮኑን በገንዘባችን አሠርተን በጀሪካን እናፈርሰዋለን። ይህ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ተራ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ በየሰፈሩ ያለው ቡድን እንደ አራስ ጥየቃ ተራ ይግባ።

በድርጅት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ እህቶች መብታችሁን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አላት። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ማስረጃውን በጊዜ አስገቡ፤ ቅጂውንም ያዙ።

ሁለት እህቶች

ፈቅደውልን ነው የምንናገረው፤ ስማቸውን ግን አናነሳም። አንደኛዋ በግራ እግሯ እሳት የሚለቅ ሕመም ይዟት ከሰው ተበድራ ለመቀደድ ተነስታ ነበር። ሐኪሟ ሰውነቷን አይቶ እግሯ ጉልበት እንዳልጎደለው ሲያረጋግጥ «ሁለት ወር እንሞክር» አላት። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ከለገሃሬ እስከ ከዚራ በእግሯ መጥታ ብድሩን ሳትነካው መለሰች።

ሁለተኛዋ ለወራት ያመማት ነበር። አንድ ቀን ማታ ሽንቷ ያዛት፤ ታችዋም ደነዘዘ። ለባሏም ለልጆቿም ለመናገር አፈረች። ደግሞም «ገንዘብ ሳልይዝ ሆስፒታል ምን ልሠራ እሄዳለሁ» ብላ አሰበች። ለማንም ሳትናገር አምስት ቀን ቆየች። በመጨረሻ ተቀደደች፤ እግሯ ድኖ ዛሬ ያለ ዱላ ትሄዳለች፤ ሽንቷ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። «ሌላዋ እንዳትደብቅ ንገሩልኝ» ብላናለች። ማንንም አንወቅስም፤ እነዚያን አምስት ቀናት ግን ሁላችንም ልናስባቸው ይገባል።

የመጀመሪያዋን ያዳናት ጊዜ ነው። ሁለተኛዋን የጎዳትም ጊዜ ነው። የሁለቱ በሽታ አንድ ስም አለው፤ ለገንዘባችን ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ አያቀርቡለትም። አንዷ የምትፈልገው ምክርና ትዕግሥት ሲሆን ሌላዋ የምትፈልገው በዚያች ሌሊት የሚወጣ የመጓጓዣ ገንዘብ ነበር።

የደንብ ማሻሻያው

አሁን ባለው ደንባችን የሕመም ድጋፍ የሚወጣው ማመልከቻ ገብቶ በወሩ ስብሰባ ሲጸድቅ ነው። ይህ ለአብዛኛው የወገብ ሕመም ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ሰው እንዲታገሥ ይረዳል። ለመጀመሪያው በር ግን አይሆንም። ስለዚህ ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከሕመም መረዳጃው ላይ ለድንገተኛ ጉዞ የሚሆን ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጥ። ከላይ የተናገርናቸው ምልክቶች ያለባት አባል በስልክ ስታሳውቅ ከሊቀመንበሯ፣ ከሂሳብ ክፍልና ከገንዘብ ያዥዋ ሁለቱ ከፈረሙ ገንዘቡ በዚያው ሰዓት ይውጣ። ስብሰባ አይጠበቅ፤ ደረሰኙ በኋላ ይቅረብ። ሁለት ፊርማ ያልነው አንዷ ብትታመም ወይም ከከተማ ብትወጣ እንዳይቆም ነው፤ አንድ ፊርማ ብቻ ያላልነው ደግሞ የለጋሾቻችንን አደራ ለመጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ድንገተኛ ላልሆነ የወገብ ሕመም ድጋፉ በደረጃ ይሁን። መጀመሪያ ለሐኪም ምርመራና ለፊዚዮቴራፒ፤ ቀጥሎ ሐኪም ቀዶ ሕክምና አስቦ ሲያዝ ለኤም.አር.አይ፤ መጨረሻ ላይ ለቀዶ ሕክምናው። በየደረጃው የሐኪም ወረቀት ይያያዝ። ይህ የአባልን መብት ለማጥበብ አይደለም። ሣጥኑ ለብዙዎች እንዲደርስ ነው።

ሦስተኛ፣ የአደጋ ምልክቶቹ በአንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተጽፈው በጤና ባለሙያ ታይተው ለየቡድኑ ይሰጡ። ማንበብ ለማትችል እህት የቡድን መሪዋ ታንብብላት፤ በተለይ ስለ ሽንትና ስለ መደንዘዝ ያለውን ሳታፍርና ሳትዘል።

ለጋሾቻችን ገንዘባችሁ ምን እንደሠራ ትጠይቁናላችሁ፤ ደግ ታደርጋላችሁ። በሚቀጥለው ሪፖርታችን የስንት ኦፕራሲዮን ወጪ እንደሸፈንን ብቻ አትቁጠሩ። ሳይቀደዱ የዳኑትንም፣ በሰዓቱ ሆስፒታል የደረሱትንም በየመስመራቸው እናቀርብላችኋለን፤ የኋለኛው መስመር ባዶ ሆኖ ቢመጣም ደስ ይለናል።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን፤ የሕክምናውን ጥያቄ ለጤና ባለሙያዋ እናስተላልፋለን፤ የገንዘቡን እኛ እንመልሳለን። ከዚያ በኋላ ሦስቱ ነጥቦች አንድ በአንድ ይነበቡና እጅ ይወጣል። ቡናው ፈልቷል፤ ድምፁ ግን ከቡናው ይቅደም።